ስመ ጥር ኮምፒውተር ለማን ይበጃል?

የጨዋታ አፍቃሪዎችና ኮምፒውተራቸውን በየጊዜው የሚያሻሽሉ ደንበኞች በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ገበያ

ዕቃን በስሙ መግዛትና በስሙ መሸጥ በንግድ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። የታወቀ ስም ያለበት ዕቃ ገዢውን ብዙ ሳያነጋግር ይሸጣል፤ ሻጩንም ከብዙ ማስረዳት ያድነዋል። ይህ ልማድ በጨርቅም፣ በሬዲዮም፣ በመኪናም ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ማለት በዴስክቶፕ ንግድም ጸንቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ስም ለአንዱ ገዢ ዋስትና የሚሆነውን ያህል ለሌላው ገዢ እስራት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በተለይም ኮምፒውተርን ለጨዋታ የሚገዙ፣ ወይም የገዙትን ክፍል በክፍል እያሻሻሉ ለብዙ ዓመት ሊገለገሉበት የሚያስቡ ሰዎች ከስመ ጥር ፋብሪካ የወጣውን ውድ ኮምፒውተር ቢገዙ ይበጃቸዋልን? ይህ ጥያቄ ለአርባ ምንጭና ለጋሞ ዞን ነጋዴዎች የትርፍና የኪሳራ ጥያቄ ነው።

ዕቃው ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ በአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴዎች እጅ አልፎ፣ በወላይታ ሶዶ መንገድ ወደ ሲቀላና ወደ ሴቻ ሱቆች የሚደርስ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ የማጓጓዣ፣ የቀረጥና የወለድ ወጪ ይጨመርበታል። እንግዲህ ለገዢው ሳይስማማ ቀርቶ የተመለሰ አንድ ኮምፒውተር በመደርደሪያ ላይ የተኛ ዋና ገንዘብ ነው፤ ከዚያም የሚብሰው የደንበኛ አመኔታ መጉደል ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ሦስት ዐይነት ገዢዎች

በከተማው የኮምፒውተር ገበያ የሚታዩት ገዢዎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቢሮ ነው፤ ይኸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ወይም ሙዝና የጨንቻ ፖም ወደ መሐል አገር የሚልክ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ደብዳቤ የሚጽፍበት፣ ሒሳብ የሚይዝበት፣ ደረሰኝ የሚያትምበት መሣሪያ ይሻል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ውስጡን ለማየት አሳብም ምክንያትም የለውም።

ሁለተኛው ወጣቱ ነው። አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመባት፣ ይኸውም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገባት ከተማ እንደ መሆኗ መጠን፣ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የመጡ ተማሪዎች ይኖሩባታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የኳስ ጨዋታን በፕሌይስቴሽን ቤት እየከፈሉ የለመዱ ናቸው፤ ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ለትምህርትም ለጨዋታም የሚሆን የራሳቸውን ኮምፒውተር ይመኛሉ።

ሦስተኛው ባለሙያው ነው፤ የፎቶግራፍና የቪዲዮ ስቱዲዮ ባለቤት፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ወይም የማስታወቂያ ሥዕል የሚያዘጋጅ ሰው። እርሱም ዛሬ ባለው ገንዘብ መካከለኛ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ለከርሞ ራም፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ሊጨምርበት ያቅዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገዢ በሥራ ቢለያዩም በፍላጎት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሹት የሚከፈት፣ የሚለወጥና የሚያድግ ዕቃ ነው። የአንዱን ፍላጎት የተረዳ ባለሱቅ የሌላውንም ተረድቷል።

የስም ጥቅም

ለስመ ጥሮቹ ፋብሪካዎች የሚገባቸውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤች.ፒ. ኤሊትዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ለቢሮ ሥራ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ክፍሎቻቸው በአንድነት ተፈትነው የተገጣጠሙ ስለ ሆኑ እርስ በርስ አይጣሉም። አሥር ኮምፒውተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት አሥሩም አንድ ዐይነት ስለሚሆኑለት አንድ ባለሙያ ሁሉንም ሊጠብቃቸው ይችላል። በኮምፒውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር ይዞ የፋብሪካውን መመሪያ ማግኘትም ቀላል ነው። ለቢሮው ገዢ ለስም የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ያለ ፋይዳ የቀረ አይደለም።

ለጨዋታ ተጫዋቹም ቢሆን የፋብሪካ ኮምፒውተር አዋጪ የሆነበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ድረስ በወረርሽኙ ምክንያት የቺፕ እጥረት በመድረሱና ግራፊክስ ካርዶች ለክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ በመፈለጋቸው፣ የካርዱ ዋጋ ከታወጀው ዋጋ እጅግ በልጦ ሲሸጥ ቆየ። በዚያን ጊዜ ካርዱን ለብቻው ከመግዛት ይልቅ ካርዱ ያለበትን ሙሉ የፋብሪካ ኮምፒውተር መግዛት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በብዛት ስለሚገዙ ዕቃው አስቀድሞ ለእነርሱ ይደርሳልና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ በካርድ መመረቱን ሲተው ያ ጊዜ አለፈ። ቢሆንም አስመጪ የሆነ ሰው የገበያው ሁኔታ ሲለዋወጥ ሒሳቡም እንደሚለዋወጥ ማወቅ አለበት።

ችግሩ የሚጀምርበት ስፍራ

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ፣ ሌሎች ሰዎች የሠሩት ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ አበጅቶለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች እርስ በርስ የሚስማማ ዕቃ ማምረት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ኤ.ቲ.ኤክስ. የሚባለውን ልክ አወጣ። ይህ ልክ የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎኖቹን ስፍራ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያውንም ዐይነት ይወስናል። ከዚህም የተነሣ የታይዋን ማዘርቦርድ በቻይና ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ የአንዱ ፋብሪካ ፓወር ሳፕላይ ለሌላው ማዘርቦርድ ያገለግላል። ዛሬ በገበያ ያለው የኤ.ቲ.ኤክስ. ፓወር ሳፕላይ ዋና መሰኪያ 24 ፒን ያለው ሲሆን፣ ከመርካቶ ተገዛ ከዱባይ መጣ ልኩ አንድ ነው።

የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያው ቢሰበርበት መወርወሪያውን ይለውጣል እንጂ የሽመና ዕቃውን በሙሉ አይጥልም። የኤ.ቲ.ኤክስ. ልክ ለኮምፒውተር ያደረገለት ይህንኑ ነው።

ስመ ጥሮቹ ፋብሪካዎች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ልክ ይወጣሉ። ምክንያታቸው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ኬዙን ለማሳነስ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ለመቀነስ፣ የማምረቻውንም ወጪ ለማቃለል ሲሉ የራሳቸውን ማዘርቦርድ፣ የራሳቸውን መሰኪያና የራሳቸውን ማራገቢያ ይሠራሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 በ24 ፒን ፈንታ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኦፕቲፕሌክስ 7050 ቀጭኑ ኬዝ ደግሞ የተሰጠው ፓወር ሳፕላይ 180 ዋት ብቻ ነው። ለቢሮ ሥራ ይህ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ለጨዋታ ግን አይበቃም።

በዚህ ላይ አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ተማሪ ከሲቀላ ሱቅ በስሙ ተማርኮ ቀጭን የቢሮ ኮምፒውተር ገዛ እንበል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 7፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ነውና ወረቀቱ ሲታይ ምንም አይጎድለውም። ከስድስት ወር በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ አር.ቲ.ኤክስ. 4060 የተባለውን ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ካርዱ 115 ዋት ይበላል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ለጠቅላላው ኮምፒውተር 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ እንዲኖር ይመክራል። ኬዙ ሲከፈት ግን ካርዱ በቁመት አይገባም፤ ቢገባም የኤሌክትሪክ መስመሩ የለም፤ ፓወር ሳፕላይ እንለውጥ ቢባልም የመሰኪያው ልክ ሌላ ነው። ልጁ ወደ ባለሱቁ ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ ምርጥ ዕቃ ነው ብለውኝ አልነበረም ወይ?» ቢል ምን ይመለስለታል? ባለሱቁ አልዋሸም፤ ዕቃውም ምርጥ ነው። የተሳሳተው ዕቃው ለምን ሥራ ምርጥ እንደ ሆነ አለመነገሩ ነው።

ትልልቆቹ ስሞች ያሳለፉት ታሪክ

ይህ ጉዳይ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዴል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ባወጣቸው ኮምፒውተሮች ላይ መሰኪያው በመልክ የኤ.ቲ.ኤክስ. ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ ያሉት ሽቦዎች አሰላለፍ የተለየ ነበር። ከገበያ የገዛውን ፓወር ሳፕላይ የሰካ ሰው መሰኪያው ልክክ ብሎ ስለሚገባለት አይጠራጠርም፤ ኤሌክትሪኩን ሲለቅቅ ግን ማዘርቦርዱን ወይም ፓወር ሳፕላዩን ለማቃጠል ይበቃ ነበር። መልክ ከውስጥ ሥራ ጋር ሁልጊዜ እንደማይስማማ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ለጨዋታ ብቻ የተሠሩ ውድ ስሞችም አሉ። ኤሊየንዌር እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በማያሚ የተመሠረተ የጨዋታ ኮምፒውተር አምራች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዴል ገዛው። በዚያው ዓመት ኤች.ፒ. ደግሞ ቩዱ ፒ.ሲ. የተባለውን የካናዳ ኩባንያ ጠቀለለ፤ ኦሜን የሚባለውም የኤች.ፒ. የጨዋታ ኮምፒውተር ስም ከዚያ የተወረሰ ነው። እነዚህ ኮምፒውተሮች ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ጨዋታን በሚገባ ያጫውታሉ፤ በዚህ ነቀፌታ የለባቸውም። ይሁን እንጂ ኤሊየንዌር እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ባወጣቸው የአውሮራ ሞዴሎች ማዘርቦርዱ የራሱ ልክ ስለ ነበረው፣ ገዢው ካርድና ራም ከመለወጥ አልፎ ማዘርቦርዱን በሌላ ልተካ ቢል መንገዱ ይዘጋበት ነበር። ይህም ነቀፌታ በብዙ ገዢዎች አፍ ሲመላለስ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኤሪያ 51 የተባለው ትልቁ ሞዴል በተለመደው የኤ.ቲ.ኤክስ. ልክ ተሠርቶ ቀረበ። ፋብሪካው ራሱ ወደ ልኩ መመለሱ የገዢዎቹን አቤቱታ እውነትነት ያስረዳል።

ከሁሉ የከበደው ምሳሌ አፕል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 የራሱን ፕሮሰሰር በማክ ኮምፒውተሮች ላይ መጠቀም ሲጀምር ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድነት አስቀመጠው። ማክ ሚኒንም ሆነ ማክ ስቱዲዮን የገዛ ሰው በገዛበት ቀን የመረጠው ራም እስከ መጨረሻው አብሮት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ማክ ፕሮ ትልቅ ኬዝና ማስፋፊያ ቀዳዳ ቢኖረውም ራም አይጨመርበትም፤ ግራፊክስ ካርድም አይቀበልም። ለድምፅና ለቪዲዮ ሥራ እነዚህ ኮምፒውተሮች የተመሰገኑ ናቸው፤ አብዛኛው የኮምፒውተር ጨዋታ ግን ለዊንዶውስ የሚሠራ ስለ ሆነ ለተጫዋች አይመከሩም።

በባለሙያ እጅ የሚገጣጠመው ኮምፒውተር

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው በባለሙያ እጅ የሚገጣጠመው ኮምፒውተር ነው። ጥቅሙን ለማስረዳት ኤ.ኤም.ዲ. የተባለውን አምራች መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች ኤ.ኤም. 4 በሚባለው ሶኬት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ የቀረበው ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3 ዲ የተባለው ለጨዋታ የተመረጠ ፕሮሰሰርም በዚያው ሶኬት ላይ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ማዘርቦርድ የገዛ ሰው አምራቹ ያወጣውን አዲስ ባዮስ ከጫነ፣ ከ5 ዓመት በኋላ የወጣውን ፕሮሰሰር በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ ለማኖር ይችላል። ኢንቴል ግን ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ2021ና በ2024 ሦስት የተለያዩ ሶኬቶች አውጥቷል። እንግዲህ የሚያሻሽል ገዢ ከፋብሪካው ስም ይልቅ የሶኬቱን ዕድሜ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ይሁን እንጂ የሚገጣጠመው ኮምፒውተርም እንከን የለሽ አይደለም። ዋስትናው የሻጩ ቃል ነው፤ ሻጩ ከጠፋ ዋስትናው ይጠፋል። በሐሰት የተለጠፈ ዋት ያለው ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ጥሩውን ካርድ ይዞ ሊቃጠል ይችላል። ከዚህም በላይ በዓለም ገበያ አንድ የታወቀ ማጭበርበር አለ፤ ያረጀ ግራፊክስ ካርድ ሶፍትዌሩ ተለውጦ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1050 ቲ.አይ. ተብሎ ይሸጣል። በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ስሙ አዲስ ነው፤ ጨዋታ ሲከፈት ግን ይገለጣል። ስለዚህ ካርድ የሚያስመጣ ነጋዴ ጂ.ፒ.ዩ. ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዕቃውን መርምሮ፣ አንድ ከባድ ጨዋታም ለግማሽ ሰዓት አስኪዶ መቀበል ይገባዋል።

ከቢሮ የወጣው ያገለገለ ኮምፒውተር

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ የወረዳ ከተማ ገዢም አቅሙ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ይኸውም በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግሎ የተሸጠው የዴል፣ የኤች.ፒ.ና የሌኖቮ ኮምፒውተር ነው። ዋጋው ረከስ ይላል፤ ጥንካሬውም የተመሰከረ ነው። ለጨዋታ የሚፈልገው ሰው ቀጭኑን ሳይሆን ረጅሙን ኬዝ ማለት ታወሩን ቢመርጥ፣ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ካርድ ሊጨምርበት ይችላል። የካርዱ ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 በ75 ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አር.ቲ.ኤክስ. 3050 በ70 ዋት ይሠራሉ። ከጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 መካከል ግን ተጨማሪ መሰኪያ የሚጠይቁም ስላሉ ሳይገዙ ማየት ያስፈልጋል። ቀጭን ኬዝ በእጁ ያለውም ሰው በግማሽ ቁመት የተሠራውን ካርድ መፈለግ አለበት።

በዚህ ንግድ ላይ ግን አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ጠቅላላ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም የራይዘን 2000 ተከታታይና ከዚያ ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይሻል። ስለዚህ ባለ 6ኛና ባለ 7ኛ ትውልድ ኮምፒውተር በውጭ ገበያ ቢረክስ ሊያስደንቅ አይገባም። ርካሽ ነው ብሎ መቶውን በአንድ ጊዜ የሚያስጭን አስመጪ በእጁ የሚቀር ዕቃ እንዳይገዛ መጠንቀቅ አለበት። ጨዋታዎቹም ይህንኑ መንገድ እየተከተሉ ነው፤ ቫሎራንት የተባለው ጨዋታ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካልተከፈተ አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ባትልፊልድ 6ም ሴኪዩር ቡትን ይጠይቃል። የኦፕቲፕሌክስ 7060 እና የኤሊትዴስክ 800 ጂ 4 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡና 8ኛውን ትውልድ የያዙ ስለ ሆኑ ከእነርሱ ወዲህ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ሙቀትና መብራት

የአርባ ምንጭ አየር እንደ ጨንቻ ደጋ አይደለም። ከተማዋ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በቆላ የተቀመጠች ስለ ሆነች ቀኑ ይሞቃል፤ አቧራውም ቀላል አይደለም። ቀጭን የቢሮ ኬዝ በቀዝቃዛ አገር ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሲጻፍበት በአንድ ትንሽ ማራገቢያ ይበቃዋል፤ ጨዋታ ሲጫወቱበት ግን ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገዢው «ኮምፒውተሩ ይዘገያል» ብሎ የሚያመጣው አቤቱታ አንዳንድ ጊዜ የሙቀትና የአቧራ አቤቱታ ነው። ሰፊ ኬዝና ሁለት ወይም ሦስት ማራገቢያ ያለው ኮምፒውተር በዚህ አገር ከስም ይልቅ ይጠቅማል።

መብራትን በተመለከተ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች በፓወር ሳፕላያቸው ጀርባ 115ና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አላቸው፤ በ115 ላይ እንዳለ የተሰካ ኮምፒውተር ወዲያው ይቃጠላል። ባለሱቁ ዕቃው እንደ ደረሰው ይህን ቢመለከት ከብዙ ክርክር ይድናል። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ለሚልበት ሰፈርም ስታብላይዘር ወይም ዩ.ፒ.ኤስ. አብሮ መሸጥ ለገዢው ጥበቃ፣ ለሻጩም ተጨማሪ ትርፍ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ሒሳብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚያሻሽለው ገዢ አሳብ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ከዚያ ቀን በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ የ1,000 ዶላር ኮምፒውተር ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር ከ57,000 ብር ገደማ ወደ 100,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። አር.ቲ.ኤክስ. 4060 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ የታወጀው ዋጋ 299 ዶላር ነበር። ኮምፒውተሩ የሚከፈትና ልኩ የተለመደው ከሆነ፣ ባለቤቱ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያወጣው የአንዱን ካርድ ዋጋ ብቻ ነው፤ የታሰረ ኮምፒውተር የገዛው ግን አዲስ ሙሉ ኮምፒውተር ለመግዛት ይገደዳል። ልዩነቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ነው። ያም ምንዛሪ በቡናና በቅባት እህል ላኪዎቻችን ድካም የተገኘ እንደ መሆኑ፣ በቁጠባ ቢያዝ የሁሉም ጥቅም ነው።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ስመ ጥር ዴስክቶፕ ኬዙን ለማይከፍት ገዢ የታመነ ዕቃ ነው፤ ኬዙን ለሚከፍት ገዢ ግን ስሙ ሳይሆን ልኩ ይታይ። ይህንም በሥራ ለመግለጽ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፤ ሻጭ ገዢውን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ለምን ሥራ እንደሚፈልገውና ወደ ፊት ምን ሊጨምርበት እንደሚያስብ ይጠይቀው። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ዕቃ ከመመለስ ያድናል።

ሁለተኛ፤ ኬዙ በገዢው ፊት ተከፍቶ የፓወር ሳፕላዩ ዋትና የመሰኪያው ፒን፣ የካርዱ ቀዳዳ፣ ያልተያዙ የራም ቀዳዳዎችም ይታዩ። ራሙ ዲ.ዲ.አር. 4 ወይም ዲ.ዲ.አር. 5 መሆኑም ይጻፍ፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባምና።

ሦስተኛ፤ አስመጪው ዋስትናው በየት አገር እንደሚጸና አስቀድሞ ይጠይቅ። በዱባይ ለተገዛ ኮምፒውተር የተሰጠ ዋስትና በአዲስ አበባ ላይጸና ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ለስም የተከፈለው ገንዘብ ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል። ያገለገለ ዕቃ ለማስገባትም የወቅቱን የጉምሩክ ደንብ ዕቃው ሳይጫን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ቸርቻሪው መደርደሪያውን በሙሉ ኮምፒውተር ብቻ አይሙላው። ራም፣ ኤስ.ኤስ.ዲ.፣ የታመነ ባለ 550 ወይም ባለ 650 ዋት ፓወር ሳፕላይ፣ ማራገቢያና ከ24 ፒን ወደ 8 ፒን የሚያሻግር ገመድ ቢያኖር፣ የሚያሻሽለው ደንበኛ በየዓመቱ ይመለስለታል። ሙሉ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ግን የሱቁ ወዳጅ ይሆናል።

አምስተኛ፤ ከላይ የተነገረው ሁሉ በደረሰኙ ጀርባ በአጭሩ ይጻፍ፤ ይኸውም «ይህ ኮምፒውተር ተጨማሪ ካርድ ይቀበላል» ወይም «አይቀበልም» የሚል አንድ መስመር ነው። የተጻፈ ቃል ሻጩንም ገዢውንም ከክርክር ይጠብቃል።

ንግድ በእምነት የሚቆም ሥራ ነው። የዶርዜ ሸማ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የታወቀው በተለጠፈበት ስም ሳይሆን ገዢው በእጁ ዳስሶ ድሩንና ማጉን አይቶ ስለሚገዛው ነው። የኮምፒውተር ነጋዴም ለደንበኛው ኬዙን ከፍቶ ድሩንና ማጉን ቢያሳየው፣ የፋብሪካው ስም ሲያረጅ የሱቁ ስም ይጸናል።